ውሃው ሲረጋ፦ ባሕር ዳር ላይ ኮራል ስለማሳደግ

ባለፈው ሰኔ የጎረቤቴ ልጅ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሎ መጣ። ከጣና ዳር የቀዳው ውሃ ነው። «ጋሼ፣ የቧንቧ ውሃ እንዳይጎዳቸው ብዬ ለኮራሎቹ ይሄን አመጣሁላቸው» አለኝ። አሥረኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔ ጋ ጎራ ብሎ የመስታወት ገንዳዬን ሳያይ ወደ ቤቱ አይገባም። አመስግኜ ተቀበልኩት፤ ውሃውን ግን ለአትክልቱ ነው ያጠጣሁት። ከዚያ አብረን ተቀምጠን ለምን ለኮራል እንደማይሆን አስረዳሁት። ወሬያችን እስኪመሽ ድረስ ሄደ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ይህን የሚያህል ሐይቅ አጠገባችን ተኝቶ ለአንድ ገንዳ ውሃ መሥራት ምን አስፈለገ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ኮራል ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። አንዳንዱ ደግሞ አበባ ይመስላል። ግን እንስሳ ነው። እንዲያውም አንድ ኮራል የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ተያይዘው የሚኖሩ የብዙ ትንንሽ እንስሳት መንደር ነው። እያንዳንዳቸው ፖሊፕ ይባላሉ። ፖሊፕ መሐሉ ላይ አፍ አለው፤ በአፉ ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ጣቶች አሉት። ድንጋያማ የሚባሉት ዓይነቶች ከሥራቸው ጠንካራ አፅም ይሠራሉ። አፅሙ የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው። በነገራችን ላይ የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ግንብ ከዚሁ ከኮራል ድንጋይ የታነጸ ነው። እነዚያ ግድግዳዎች አንድ ጊዜ ሕይወት የነበራቸው ናቸው።

ዋናው ምስጢር ግን ሥጋው ውስጥ ነው። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ አብዛኛውንም ለኮራሉ ይሰጡታል። ኮራሉ በበኩሉ መጠለያ ይሰጣቸዋል፤ የእሱ ቆሻሻ ለነሱ ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ኮራል የሚያሳድግ ሰው እንስሳም ተክልም እያሳደገ ነው። ሁለቱ ተስማምተው እንዲኖሩ ደግሞ ውሃው መርጋት አለበት፤ ሙቀቱም ጨዉም ሳይለዋወጥ መቆየት አለበት ማለቴ ነው።

ውሃው ሲናወጥ ስምምነቱ ይፈርሳል። ኮራሉ አልጌዎቹን ከሥጋው ያስወጣቸዋል። ያኔ ሥጋው ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ አፅም ይታያል። ኮራል ነጣ የሚባለው ይህ ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል። ቶሎ ከደረሱለት ሊያገግም ይችላል። በባሕር ውስጥ ውሃው በዓመቱ ሞቃት ወር ከለመደው ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ መንጣት ይጀምራል። አንድ ዲግሪ! እኛ በአንድ ዲግሪ ሹራብ እንኳ አናወልቅም።

አሁን ጣናን አስቡት። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የያዘው ውሃ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይገመታል። የአንድ ቀን ፀሐይ ምን ያደርገዋል? ባሕር ደግሞ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የእኔ ገንዳ 120 ሊትር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ከገባችበት ማታ ሌላ ውሃ ሆኖ ይጠብቀኛል። ለዚህ ነው ኮራል ማሳደግ ከምንም በላይ ውሃን አርግቶ የማቆየት ሥራ ነው የምለው። ቁጥሮቹን ትክክል ማድረግ ይቻላል። ከባዱ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ መብራት የሄደም ቀን እዚያው ቁጥር ላይ ማቆየት ነው።

ጨዉ ከየት ይምጣ?

ጣና ጣፋጭ፣ ማለትም ጨዋማ ያልሆነ፣ ውሃ ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ጨው ይይዛል። ቀይ ባሕር ከዚህም ይበልጣል፤ ወደ 40 ይጠጋል። ልጁ ይህን ሲሰማ ወዲያው «ታዲያ አሞሌ ብንጨምርበትስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአፋር ጨው እኮ ከቀይ ባሕር ውሃ የተረፈ ነው።

ግን አይሆንም። ምክንያቱ ደስ የሚል ነው። የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን በውስጡ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጋም። መጀመሪያ ኖራው ይዘቅጣል። ቀጥሎ ጂፕሰም። ከዚያ ነው እኛ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው የሚረጋው። ማግኒዚየምና ፖታሲየም እስከ መጨረሻው በተረፈው ፈሳሽ ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ አሞሌ ከባሕር የተገኘ ቢሆንም ባሕሩን ሙሉ በሙሉ አልያዘም፤ አንድ ክፍሉ ብቻ ነው። ኮራል አፅም የሚሠራበት ካልሲየም በአሞሌው ውስጥ በቂ ሆኖ አይገኝም። የሱቅ የገበታ ጨውም እንዲሁ ነው።

የሚያስፈልገው ሁሉንም በልኩ የያዘ፣ ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተቀመመ ጨው ነው። እኔ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው የማስመጣው። ለ120 ሊትር አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይፈጃል። በንጹህ ባልዲ ውስጥ ውሃ በምታዞር ትንሽ ፓምፕ እያማሰልኩ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። ጨዉን እንስሳት ባሉበት ገንዳ ውስጥ በቀጥታ መበተን ሥጋቸውን ያቃጥላል።

የምትበጠብጡበት ውሃም ንጹህ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪኑ ቢወጣለት እንኳ የሚሟሟ ማዕድን፣ እንዲሁም አልጌ የሚያፋፉትን ናይትሬትና ፎስፌት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለእኛ ለመጠጥ ችግር የለውም፤ ለኮራል ግን ቀስ በቀስ ይከማቻል። ስለዚህ አር ኦ የሚባለውን ማጣሪያ ተጠቀሙ። ውሃን በግፊት እጅግ በጠበበ ወንፊት ያሳልፋል። የጣና ውሃ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ አፈር፣ ማዳበሪያና የራሱን ነፍሳት ይዞ ይመጣል።

የሚተነው ውሃ ብቻ ነው

እኔን ብዙ ያስከፈለኝ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጋቢት ላይ ገንዳዬ በቀን ሁለት ሊትር ያህል ይቀንስ ነበር። እኔም የጎደለውን በጨው ውሃ እየሞላሁ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ኮራሎቹ ሁሉ ተጨብጠው ቀሩ። ስለካው ጨዉ 43 ደርሷል። አንዱ አልተረፈም።

ነገሩ ቀላል ነበር። ሲተን የሚሄደው ውሃው ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ከ120 ሊትር ላይ በስድስት ቀን 12 ሊትር ቢተን 35 የነበረው ወደ 39 ይወጣል። በጨው ውሃ ስትሞሉት ደግሞ በጨው ላይ ጨው እየጨመራችሁ ነው። የተነነው መተካት ያለበት በተጣራ ጣፋጭ ውሃ ነው። ያውም በየቀኑ፣ በጥቂት በጥቂቱ። በገንዳው መስታወት ላይ በፓርከር መስመር አስምሩ። ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ጣፋጭ ውሃ ጨምሩ። የጨው መለኪያውን ደግሞ ጣፋጭ ውሃ ላይ ዜሮ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ 35 መሆኑ በሚታወቅ ፈሳሽ አስተካክሉት።

ሙቀትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለአብዛኛው ኮራል ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማዋል። በባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ማሞቂያ የግድ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ቀኑ ወደ 30 ይጠጋል። ያን ጊዜ እኔ በውሃው ፊት ላይ ትንሽ ቬንትሌተር እከፍታለሁ። ነፋሱ ሲያተነው ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ቡና ስኒ ላይ እፍ እንደማለት ነው። ግን ሲቀዘቅዝ ይተናል፤ ሲተን ጨዉ ይወጣል። አንዱን ስትነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

ከፍታችንና መብራታችን

አብዛኛው የኮራል መመሪያ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ የአየሩ ግፊት ከጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከጣፋጭ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲደመሩ የእኛ ገንዳ ከመጀመሪያውም ጠባብ ትንፋሽ ነው ያለው።

ቀን ቀን አልጌዎቹ ኦክስጅን ስለሚያወጡ ችግሩ አይታይም። ሌሊት ግን ሁሉም ይጠቀማል፣ ማንም አይሰጥም። ስለዚህ ቢያንስ አንዷ ፓምፕ ወደ ላይ ዞራ የውሃውን ፊት ታንቀሳቅስ። ከላይ በመስታወት ድፍን አድርጋችሁ አትክደኑት፤ መረብ ይሻላል። የውሃ ፍሰት ለኮራሉም ያስፈልገዋል። እግር የለውም። ምግቡን የሚያመጣለትም ቆሻሻውን የሚወስድለትም ውሃው ነው።

መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ እኮ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ለጊዜው ይበቃል። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። በባትሪ የምትሠራ አየር የምትነፋ ትንሽ ፓምፕ ግዙ። ከገንዳው ሁሉ መጀመሪያ የምትገዛ ዕቃ እሷ ብትሆን ደስ ይለኛል። እሷ ከሌለች በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ ማፍሰስም ይረዳል። በዚያ ሰዓት ምግብ አትስጡ፤ የተረፈው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል።

አፅሙ የሚሠራበት

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ኮራል አፅሙን ለመሥራት ከውሃው ሁለት ነገር ይወስዳል። አንዱ ካልሲየም ነው። ሌላው ካርቦኔት ነው፤ ይህን የምንለካው አልካሊኒቲ በሚባል መለኪያ ነው። ግንብ ድንጋይና ሲሚንቶ እንደሚፈልግ ማለት ነው፤ አንዱ ካለቀ ሌላው ቢከመርም ሥራው ይቆማል። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም ቢሆን ጥሩ ነው። አልካሊኒቲ ደግሞ 8 ወይም 9 ዲኬኤች፤ ዲኬኤች አልካሊኒቲ የሚለካበት አሃድ ነው። ማግኒዚየም 1,300 አካባቢ ይሁን፤ እሱ ሁለቱ ያለ ኮራሉ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ይከላከላል።

ብዙ ጀማሪ ካልሲየም ይለካና «ደህና ነው» ብሎ ይተወዋል። ስህተቱ ይሄ ነው። ኮራል 1 ዲኬኤች አልካሊኒቲ ሲጠቀም ከካልሲየሙ የሚወስደው በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ነው። ካልሲየሙ ከ420 ወደ 413 ይወርዳል፤ የቤት መለኪያ ይህን ልዩነት አያይም። አልካሊኒቲው ግን ከ8 ወደ 7 ወርዷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚናገረው አልካሊኒቲ ነው። አንድ ነገር ብቻ የመለካት አቅም ካላችሁ እሱን ለኩ። በየሦስት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ቁጥሩንም ደብተር ላይ ጻፉ።

ሲወርድስ? ለ100 ሊትር ውሃ 3 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ አልካሊኒቲውን በ1 ዲኬኤች ከፍ ያደርገዋል። በተጣራ ውሃ አሟሙቶ ብዙ ፍሰት ያለበት ቦታ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው። አደራ፣ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ሱቅ ስትሄዱ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፓውደሩ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ነው፤ ገንዳውን ያበላሻል። ሌላው መንገድ ኖራ ነው። ንጹህ ኖራ በተጣራ ውሃ ሲሟሟ ካልሲየሙንም አልካሊኒቲውንም በእኩል ያመጣል። የተነነውን ውሃ በዚህ የኖራ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ መተካት ይቻላል። ግን ለግንብ የሚሸጠው ኖራ ንጹህ አይደለም፤ ለምግብ ወይም ለቤተ ሙከራ የሚሆነው ነው የሚፈለገው። ኃይለኛ ስለሆነም በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ይገድላል። ዓይናችሁንም ጠብቁ።

በምንም መንገድ ይሁን በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታንቀሳቅሱ። ለወራት 7.5 ላይ የቆየ ገንዳ ዛሬ 7 ነገ 10 ከሚሆነው በብዙ ይሻላል። ሰው ቁጥሩ ሲወርድ ይደነግጥና በአንድ ማታ ሊያስተካክል ይሞክራል። ኮራሉን የሚጎዳው ከመውረዱ ይልቅ ያ ዝላይ ነው።

ብርሃንና ምግብ

ብርሃንን በአጭሩ ልለፈው። ሰማያዊ የሚበዛበት ለኮራል የተሠራ ኤል ኢ ዲ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። አዲስ ኮራል መጀመሪያ ከታች ይቀመጥ፤ ብርሃኑም በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመር። የመስኮት ፀሐይ ግን ይቅርባችሁ፤ ውሃውን ታሞቃለች፣ የማይፈለግ አልጌም ታበቅላለች።

ስለ ምግብ ግን ትንሽ ልቆይ። እምቦጭን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጣና ላይ በይፋ ከታወቀበት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ ዳርቻውን ምን እንዳደረገው አይተናል። እምቦጭን የሚያፋፋው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። በገንዳ ውስጥም ያው ነው። ዓሣ አብዝታችሁ ምግብ ከበተናችሁ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ ኮራሉን ይውጠዋል።

ነገር ግን ይህን የፈራ ሰው ውሃውን ከልክ በላይ አጥርቶ ኮራሉን ያስርበዋል። እኔም አንድ ሰሞን ናይትሬቱንም ፎስፌቱንም ዜሮ አድርሼ ኮራሎቼ ገርጥተው ነበር። በሥጋው ውስጥ ያሉት አልጌዎችም ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን መልካም ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

አዲስ ገንዳ ወዲያው ኮራል አይቀበልም። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያና ናይትራይት መርዝ ናቸው። ባክቴሪያዎቹ በድንጋዩ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ሁለቱ ዜሮ ሲሆኑ ለስላሳ ከሚባሉት ኮራሎች ጀምሩ። እንደ አክሮፖራ ያሉ ድንጋያማዎቹ ቢያንስ ዓመት ይጠብቁ።

ኮራሉ ከባሕር የተነቀለ ሳይሆን ከሌላ ገንዳ ተቆርጦ የተባዛ ይሁን። ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው። ኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አያልፉም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ክብ ቁልፍ የሚመስሉ፣ ዞአንቲድ የሚባሉ ኮራል መሰሎች አሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ ይይዛሉ። ስትነኳቸው ጓንትና መነጽር አድርጉ። የተቀመጡበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ በፈላ ውሃም አትጠቡ። እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

አሮጌ ውሃም ሆነ ከገንዳ የወጣ ማንኛውም ነገር ጣና አይግባ። ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። እኔ ውሃውን ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ነው የምደፋው። አትክልት ላይም አይሆንም፤ ጨዉ ያደርቀዋል።

ልጁ አሁን የራሱ ገንዳ አለው። መስታወት ቤት ያሠራት 60 ሊትር ናት። ትንሽ በመሆኗ ከእኔ ይልቅ ቶሎ እንደምትናወጥ ነግሬዋለሁ፤ የውሃውን መስመር ጠዋትና ማታ ያያል። ባለፈው ሳምንት ከትልቁ ለስላሳ ኮራሌ ላይ አንድ ቁራጭ በምላጭ ቆርጬ በትንሽ ድንጋይ ላይ በላስቲክ አሰርኩለት። ሦስት ቀን ተጨብጦ ቆይቶ ትናንት ጣቶቹን ዘረጋ። ልጁ በየማታው በብልቃጥ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ አብረን እንለካለን። አሞኒያው ዜሮ ሆኗል፤ ናይትራይቱ ገና ነው። ቁራጩ እስከዚያ እኔ ጋ ይቆያል።